ከጦሳ ተራራ ሥር ያለውን ቤታችንን ለሽያጭ ሳዘጋጅ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መስከረም 28፣ 2018

ቤቱ ሊሸጥ ነው። ታላቅ ወንድሜ ከአዲስ አበባ፣ ታናሽ እህቴ ከዱባይ፣ እኔም እዚሁ ደሴ ሆኜ ተነጋግረን ተስማማን። እማዬ ካረፈች ሁለት ዓመት አልፏል። ሥራዬ ኮምቦልቻ ስለሆነ በየቀኑ የሐረጎን ዳገት ወርዶ መውጣት፣ ደርሶ መልስ 50 ኪሎ ሜትር፣ አድክሞኛል። ወንድሜ «እንዳለ ይሸጥ» ይላል። እኔ ግን እማዬ በየበዓሉ ትለቀልቀውና ትወለውለው የነበረን ቤት በዚህ ሁኔታ ለሰው ማሳየት ከበደኝ። እስከ ኅዳር መጨረሻ ጊዜ ስጡኝ ብያቸዋለሁ፤ ሰጥተውኛል። የማወጣውን ሁሉ በዚህ ደብተር እመዘግባለሁ፤ ሥራውንም አብሬ።

ቤቱ የጭቃ ነው፤ ቋሚውም ማገሩም ባሕር ዛፍ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ሳሎኑ ጣውላ ወለል አለው፤ ሁለቱ መኝታ ቤቶችና ጓዳው ሊሾ ናቸው። ፊቱ ወደ ምሥራቅ፣ ጀርባው ወደ ተራራው።

ጥቅምት 1፣ ቅዳሜ

ደላላው ጠዋት መጥቶ አየው። ሳሎኑን ወደደው፣ ግቢውን ወደደው። የኋላው መኝታ ቤት ሲገባ ግን አፍንጫውን ያዝ አደረገ። ከወለሉ እስከ ወገቤ ድረስ ግድግዳው ጠቁሯል፤ ቀለሙ እንደ ቅርፊት እየተላጠ ይወድቃል። «እህቴ፣ ሁለት ባልዲ ቀለም በቂ ነው። እዚህ ጋ ቁም ሳጥኑን አስጠጊበት። ገዢ ቁም ሳጥን አንሱልኝ አይልም» አለኝ። የእሱ ድርሻ እንደ ልማዱ ከሻጭም ከገዢም ሁለት ሁለት ከመቶ ነው፤ ቶሎ ቢሸጥለት ይወዳል፣ አልፈርድበትም። ግን እዚያ ክፍል ውስጥ የሚተኛው የሰው ልጅ ነው። እኔ በልጅነቴ እዚያ ክፍል ተኝቼ ክረምት በክረምት ሳል አይለየኝም ነበር። ምክንያቱን ማንም አልነገረኝም፤ ያደግኩት «የደሴ ብርድ ነው» እየተባለ ነው።

ቁም ሳጥኑን አላስጠጋም። መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ አገኛለሁ።

ጥቅምት 2፣ እሑድ

እኩለ ቀን ላይ ኮርኒሱ ላይ ወጣሁ። መስኮቱንና በሩን አዘግቼ በጨለማው ውስጥ ቁጭ አልኩ። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ቆርቆሮው ላይ እንደ ከዋክብት የሚያበሩ ቀዳዳዎች ብቅ ብቅ አሉ፤ 17 ቆጠርኩ። አብዛኞቹ ከሚስማሩ ዙሪያ ናቸው፤ የሚስማሩ ጎማ ደርቆ ተሰንጥቋል። እያንዳንዱን ከውስጥ በጠመኔ ምልክት አደረግኩበት። አሥራ አንዱ ከሳሎኑ በላይ ናቸው፣ አራቱ ከጓዳው፣ ሁለቱ ከፊተኛው መኝታ ቤት። ከኋላው መኝታ ቤት በላይ አንድም የለም። ስለዚህ ያ ጥቁረት ከጣሪያ የመጣ አይደለም።

ጓዳው ላይ ያለው እንጨት በዘመናት ጭስ ጠቁሮ እንደ ቀንድ ጠንክሯል። ምስጥ አልነካውም። የሳሎኑ አግዳሚ ግን ሁለት ቦታ በምስጥ ተበልቷል፤ በቢላ ጫፍ ሲነካ ይበረበራል።

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

የፌስታል ሙከራ። አንድ ንጹሕ ፌስታል ቆርጬ፣ የግድግዳውን ልጣጭ ጠርጌ፣ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አጣብቄ እሑድ ማታ ለጥፌ ነበር። ዛሬ ስመለከተው ውጪው ደረቅ ነው፤ ከፌስታሉና ከግድግዳው መካከል ግን ጠብታ ጠብታ ውሃ ተኮልኩሏል። ጠብታው ከፌስታሉ ውጪ ቢሆን ኖሮ የክፍሉ እንፋሎት ነው፣ መስኮት መክፈት ይበቃል ማለት ነበር። ከውስጥ ከሆነ የሚመጣው ከግድግዳው ነው።

ከዚያ በአውራ ጣቴ መንካት ጀመርኩ። ከላይ ስመታው ጥጥር ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ወደ ታች ስወርድ ባዶ እንደሆነ እንስራ ይጮኻል። ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ጫን ስለው የሲሚንቶው ልስን ገባ አለ፤ ከሥሩ ያለው ጭቃ እርጥብ፣ ቀዝቃዛ፣ እንደ ሊጥ ለስላሳ ነው። አባቴ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ያስለሰነው ሲሚንቶ ነው። ቤቱን ያጠነከረ መስሎት ነበር። ጭቃ ግን ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይጨማደዳል፤ ሲሚንቶ አብሮት አይሄድም። የገባውን እርጥበትም መውጫ ይዘጋበታል።

ጥቅምት 5

ጎረቤታችን እትዬ ቡና ጠሩኝ። ስለ ግድግዳው ስነግራቸው ሳቅ ብለው፣ «ልጄ፣ የናትሽ ቤት ሲሠራ ከኋላ በኩል ሰው ቆሞ ያልፍ ነበር እኮ። አሁን አፈሩ መስኮቱን ሊደርስ ነው» አሉ። ከአቦሉ በፊት ተነስቼ ልሄድ ነበር፤ «አብሽሪ፣ ግድግዳው አይሸሽም፤ በረካውን ጠጪ» ብለው አስቀመጡኝ።

ጠጥቼ ስወጣ ሜትር ይዤ ወደ ኋላ ዞርኩ። እውነታቸውን ነው። ከጦሳ ቁልቁል በየክረምቱ የሚወርደው አፈር በግድግዳችን ላይ ተቆልሏል፤ ከውስጡ ወለል 45 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሏል። ጭቃ ቤታችን ግማሽ ወገቡን መሬት ውስጥ ቀብሮ ኖሯል ማለት ነው። አሸንዳው ደግሞ እዚያው ላይ ተቀዶ የጣሪያውን ውሃ በሙሉ አፈሩ ላይ ያፈስሳል።

በዚያ ማታ ለወንድሜ ደውዬ ነገርኩት። ዝም አለ። ከዚያ «ስንት ይፈጃል?» አለ። አላውቅም አልኩት። «በይ ጀምሪ» አለኝ።

ጥቅምት 8 እስከ 12

ሁለት የቀን ሠራተኞችና አንድ ግንበኛ። ግንበኛው ሽማግሌ ናቸው፤ ጭቃ ቤት የሚያውቅ ሰው ፈልጌ ሦስት ቀን ዞሬ ነው ያገኘኋቸው። ወጣቶቹ ሁሉ «አፍርሰሽ በብሎኬት ሥሪው» ነው የሚሉኝ።

አፈሩን ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል አርቀን ዝቅ አደረግነው፤ ከውስጡ ወለል 20 ሳንቲ ሜትር በታች እስኪሆን። ከዚያ በተራራው በኩል 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ተቆፈረ። ሥሩ ላይ ትልልቅ ድንጋይ፣ ከላዩ ጠጠር። ተዳፋቱ ወደ ጎን ወጥቶ ከመንገዱ ዳር ቦይ ይገናኛል። ጋሼ ውኃ ልኩን በቀጭን ግልጽ ቱቦ ውሃ ሞልተው ነው የለኩት፤ ሁለቱን ጫፍ ይዘን እኔ ከዚያ፣ እሳቸው ከዚህ። በየአንድ ሜትሩ ሁለት ሳንቲ ሜትር ዝቅ።

ጉዳቱ የታየው ሲሚንቶው ሲነሣ ነው። ከወገብ በታች ያለውን ልስን በሙሉ በመዶሻ አወረድነው። ከ14ቱ ቋሚዎች አምስቱ እግራቸው በስብሷል። አንዱን በእጄ ስነካው እንደ እርጥብ ዳቦ ተቆረሰ። ጣሪያው ያላረፈብን በማገሩ ጉልበት ብቻ ነው። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ቀለም ቀብተሽው ቢሆን የገዛው ሰው ይረግምሽ ነበር» አሉኝ። ያን ቃል ለደላላው አልነገርኩትም፤ ለወንድሜ ግን በዚያው ማታ ነገርኩት።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

አምስቱም እግር ተቆርጦ ወጣ። ጣሪያውን በባሕር ዛፍ ምሰሶ ደግፈን፣ በእያንዳንዱ ሥር በሲሚንቶ የተያያዘ የድንጋይ መሠረት ገባ፤ አዲሱ እንጨት ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ድንጋይ ላይ ቆመ። ሲሚንቶ የሚገባው እዚህ ነው፣ ድንጋይ ከድንጋይ ጋር። ግድግዳው ላይ አይደለም።

ጭቃውን ከማክሰኞ ጀምሮ አቡክተነዋል። ከግቢው የወጣውን ቀይ አፈር ነፍተን፣ ከጤፍ ጭድ ጋር በውሃ አርሰን ከድነነዋል። ቢያንስ ሁለት ሳምንት መክረም አለበት። ጭዱ መበስበስና መላቆጥ ሲጀምር ነው ጭቃው የሚያያዘው፤ ያልከረመ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሽታው ግቢውን ሞልቶታል። የጎረቤት ልጆች ባዶ እግራቸውን እየገቡ ሲረግጡት ከማንኛችንም የበለጠ ተደስተዋል።

ጭቃው እስኪከርም እጄን ወደ ሌላው አዞርኩ።

ጥቅምት 16 እስከ 28

ጣሪያው፦ ቆርቆሮ ሠሪው 17ቱን ቀዳዳ በአዲስ ባለ ጎማ ሚስማር ዘጋ፤ ከአሮጌው ቀዳዳ ትንሽ ፈቀቅ እያደረገ፣ አሮጌውን ደግሞ በማሸጊያ እየሞላ። ሦስት ቆርቆሮ ተቀየረ። አሸንዳው በሙሉ አዲስ ነው፤ የጣሪያው ውሃ ከእንግዲህ አፈሩ ላይ አይወርድም፣ ወደ ሮቶው ይገባል። በምስጥ የተበላው አግዳሚ ወጥቶ ተተካ።

ኤሌክትሪኩ፦ ጓዳ ውስጥ አንድ ሶኬት ላይ ምጣዱም ማቀዝቀዣውም ይሰካ ነበር፤ ገመዱ ተቃጥሎ ጠቁሯል። ለምጣድ ለብቻው ወፍራም መስመርና ብሬከር አስገባን። ይህን ማንም ገዢ አይቶ አያደንቀውም፤ ግን ማታ ተኝተው እሳት እንዳይነሣባቸው ነው።

የጓዳው በር፦ በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ እኛ ቤቱን ትተን ወጥተን ነበር። ስንመለስ በሩ ተሰብሮ አገኘነው። እማዬ በሳጥን ጣውላ ጠጋግናው እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ እንዲሁ ኖረ። አናጢው አዲስ በር ሠራ። አሮጌውን ሲያወጣ የእማዬ እጅ የመታቸውን ሚስማሮች አየሁ፤ ግማሾቹ ጎብጠዋል። አራቱን ነቅዬ በመሐረብ ቋጠርኳቸው። እህቴ ደውላ «አንዱን ለእኔ» አለች።

ሳሎኑ፦ ጣውላው ላይ የተከመረውን የዘመናት ሰም በብረት መፈግፈጊያ ሳነሣው እንጨቱ ማር የመሰለ መልክ አወጣ። ሁለት ቀን በጉልበቴ ተንበርክኬ ሠራሁት። ሠራተኛ ብቀጥር ይሻል ነበር ይሆናል፤ ግን እማዬ በየዓርብ ማታ የምትሠራው ይህን ነበር፣ እኔው በእጄ ልሠራው ፈለግኩ።

ጥድ አጥሩ፦ የሳሎኑን መስኮት ከልሎ ነበር። በአንድ ሜትር አሳጠርነው። የጠዋት ፀሐይ እስከ ውስጠኛው ግድግዳ ድረስ ገባች። ሰዎች ቤት ለመሸጥ ሲሉ አዲስ ዕቃ ይገዛሉ፤ እኔ ከሁሉ የበለጠ ለውጥ ያየሁት በዚህ በመቀስ ሥራ ነው።

ጥቅምት 30፣ እሑድ

ጭቃው ከረመ። ጋሼ እፍኝ አንሥተው ጨመቁት፤ በጣታቸው መካከል ሾልኮ ወጣ እንጂ አልተበታተነም። «ደርሷል» አሉ። በሁለት ዙር ነው የተመረገው፤ የመጀመሪያው ሸካራ፣ ሁለተኛው ስልቅ። ከውጭ በኩል የበጋውን ንፋስ እንዲያገኝ ክፍት ነው።

ኅዳር 3

ቀለም። የመረጥኩት ቀለል ያለ የቅቤ መልክ ነው፤ ለሁሉም ክፍል አንድ። ወንድሜ ነጭ አለ፤ ነጭ በደሴ ጉም ውስጥ ብርድ ይጨምራል አልኩት። የድሮው ቀለም የዘይት ስለነበር በብርጭቆ ወረቀት ሳይታሽ አዲሱ አይዝም፤ ሁለት ቀን አሸን። የመጀመሪያው ዙር ውሃ በዛ ተደርጎበት፣ ሁለተኛው ወፈር ብሎ። እዚህ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ቀለም ከኮምቦልቻው በዝግታ ነው የሚደርቀው፤ ከ9 ሰዓት በኋላ ብሩሽ አላስነሣም። ማታ የተቀባ ሲነጋ ላብ ይዞ ይገኛል።

የኋላውን ግድግዳ ከወገብ በታች አልቀባሁትም። ጭቃው ሙሉ በሙሉ ለመድረቅ በጋውን ይፈልጋል። አሁን ብቀባው የውስጡን እርጥበት አፍኜ አባቴ የሠራውን ስህተት እደግመዋለሁ። ሲደርቅ ኖራ ነው የሚቀባው፣ የሚተነፍስ። ስለዚህ ቤቱ በሙሉ የቅቤ መልክ ሆኖ አንድ ግድግዳ ቡናማ ጭቃውን እንደያዘ ቀረ። ደላላው አይቶ «ምነው እህቴ፣ ሠርግ ቤት ገብተሽ አንድ እግርሽን ባዶ?» አለኝ።

ኅዳር 5

ወረቀቱ። ስለ ቀለም ይህን ያህል ጽፌ ይህን ለመጨረሻ ማቆየቴ ስህተት ነበር፤ ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ ከቀለም በፊት ከካርታው ጀምር እለዋለሁ። ካርታው በአባቴ ስም ነው። የወራሽነት ማረጋገጫውን ከፍርድ ቤት ቀደም ብለን ይዘናል፤ ስሙ ግን ገና አልዞረም ነበር። እህቴ ውክልናውን ዱባይ ላይ ሰጥታ፣ እዚህ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር እስኪያረጋግጠው ሦስት ሳምንት ሄደ። የግብር ደረሰኝ፣ የውሃና የመብራት ሒሳብ ከዕዳ ነፃ መሆኑ፣ ይዞታው ዕዳና እገዳ የሌለበት መሆኑ፣ ሁሉም በአንድ ፋይል ተሰብስቧል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ እንደማይጸና የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2877 ይናገራል፤ በቃልና በእጅ መምታት የሚጀመረው ነገር ሁሉ ኋላ ፍርድ ቤት የሚያመላልሰው ለዚህ ነው።

ግቢውን በካርታው ስለካው ከእትዬ ጋር ያለን አጥር በአንድ ጥግ 70 ሳንቲ ሜትር ወደ እኛ ገብቷል። ቡና ላይ አነሣሁት። «የኔ ጥፋት ነው ልጄ፣ ባለቤቴ ሲያጥር ዛፉን ላለመቁረጥ ነው» አሉ። በማግሥቱ ልጃቸው መጥቶ አጥሩን አነሣው። ዛፏ ወደ እኛ ገባች፤ ግራዋ ናት፣ ለገዢው ትሁን።

ኅዳር 7፣ እሑድ

ቦዩን ሞከርነው። ሁለት በርሜል ውሃ ከተራራው በኩል በአንድ ጊዜ ለቀቅን። ውሃው ጠጠሩ ላይ ደርሶ ሰመጠ፤ ለጥቂት ጊዜ ምንም አልታየም፣ ልቤ ተንጠለጠለ። ከዚያ በታችኛው ጫፍ፣ ከመንገዱ ዳር፣ ቀይ ሆኖ መጣ፤ እየቆየ ጠራ። ልጆቹ ጮኹ። ወደ ግድግዳው ሮጬ በእጄ ነካሁት፤ ፊቱ ደረቅ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ኅዳር ሲታጠን። በ1911 የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ከጨረሰ ወዲህ በዚህ ቀን ቤትና ግቢ ተጠርጎ ቆሻሻው ይቃጠላል። የአሮጌው አሸንዳ ቁርጥራጭ ለቁራሌው ሄዷል፤ የበሰበሰው የቋሚ እግር፣ የተነቀለው ኮርኒስ፣ የጥዱ ቅርንጫፍ ሁሉ ነደደ። ጭሱ ከመላው ሰፈር ጭስ ጋር ወደ ጦሳ ወጣ። ቤቱን ባዶ አደረግኩት፦ የቅሬውን፣ የሰፈራችንን ዕድር፣ ድስትና ወንበር መለስኩ፣ የእማዬን ልብስ ለተቸገሩ ሰጠን። ሳሎን ውስጥ የቀረው አንድ ረከቦት፣ ሁለት መከዳ፣ ግድግዳው ላይ ሦስት ስፌት ነው። ወይራ አጨስኩበት። ለመጀመሪያ ጊዜ ያ የእርጥበት ሽታ የለም።

ኅዳር 14 እስከ 20

ማሳየት። ሰዓቱን እኔ ነኝ የምወስነው፦ ጠዋት ከ3 እስከ 5። ከቀትር በኋላ ጦሳ ፀሐይዋን ቶሎ ይሸፍናታል፤ ሳሎኑም ይጨልማል።

የመጀመሪያዎቹ ባልና ሚስት ሁሉንም ወደዱ። የኋላው ክፍል ስንደርስ ጭቃውን ሳሳያቸው፣ ምን እንደነበርና ምን እንደተሠራ ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። አልተመለሱም። ደላላው አኩርፎ ሁለት ቀን አልደወለም። እኔም ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ድርሻው የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አልጨነቅም ነበር፣ የወንድምና የእህቴም ገንዘብ ነው።

ሁለተኛዋ ከሳዑዲ ከ11 ዓመት በኋላ የተመለሰች ልጅ ናት፤ ለእናቷ ነው የምትገዛው። እናትየው ነጠላቸውን አጣፍተው ቀጥ ብለው ወደ ጭቃው ሄዱ። መዳፋቸውን አሳረፉበት፣ አሸተቱት፣ በጣታቸው መቱት። «ጭዱ ስንት ቀን ከረመ?» አሉኝ። «ከሁለት ሳምንት በላይ» አልኳቸው። ፎቶዎቹን በስልኬ አሳየኋቸው፤ የበሰበሰውን እግር፣ ቦዩን፣ ድንጋዩን። «ክረምት ገብቶ ቢረጥብስ?» አለች ልጅቷ። ቦዩን በበርሜል ውሃ እንደሞከርኩት፣ የሐምሌን ዝናብ ግን እንዳልሞከርኩት ነገርኳት። የኖራው ሥራ ቀርቷል፣ እሱን ከዋጋው ቀንሺ አልኳት። ቀነሰች፤ እኔ ካሰብኩት በላይ ቀነሰች። ለወንድሜ ስደውልለት «እሺ በያቸው» አለ።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

ውሉ ተፈረመ፣ በሰነዶች ማረጋገጫ። ሁለት ከመቶውን የቴምብር ቀረጥ ገዢዋ ትከፍላለች። ቁልፉን በጥር አስረክባለሁ።

ከሰዓት በኋላ ጋሼን ከእናትየው ጋር አገናኘኋቸው። በግንቦት መጥተው ኖራውን ሊቀቡላቸው ተስማሙ። የተረፈውን ግማሽ ባልዲ ቀለም፣ የቆርቆሮውን ሚስማር፣ የቦዩን መስመር የሳልኩበትን ወረቀት ጓዳው ውስጥ አስቀመጥኩላቸው። በየዓመቱ ከሰኔ በፊት ጠጠሩ ላይ የሚከማቸውን ደለል መጥረግ እንዳለባቸው ወረቀቱ ላይ በትልቁ ጽፌዋለሁ።